ጤፉ የማነው?

ከበዓላቱ ወዲህ ምንም ሳልጽፍ ቆየሁና አንዳንዶቻችሁ «ጠፋህ» ብላችሁኛል። እውነት ነው፣ ጠፋሁ። ጤፍ የሚለው ስም ራሱ ጠፋ ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባል የለ? ፍሬዋ ከእጅ ካመለጠች አትገኝምና። ዛሬም የምጽፍላችሁ ስለዚችው ስለ ጤፍ ነው። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ እንዳትደናገሩ።)

የኔ ሙያ፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ማቀዝቀዣ ነው። ከሠራዊት ከወጣሁ በኋላ በሙያ ትምህርት ቤት የፍሪጅና የማዝጋን ጥገና ተምሬ፣ ይኸው ከፔታህ ቲክቫ በጠዋት እየተነሳሁ የሥጋ መጋዘን፣ ሱፐርማርኬት፣ አንዳንዴም ላቦራቶሪ እየዞርኩ እጠግናለሁ። ባለፈው ሐምሌ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰሞን፣ አንድ የዘር ኩባንያ ኮምፕረሰሩ ቆሞበት በአስቸኳይ ተጠራሁ። ዘር የሚያበቅሉበት ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፣ ፀሐዩም ዝናቡም በኤሌክትሪክ ነው። መደርደሪያው ላይ በትንንሽ ሳጥን ቀጫጭን ሣር በቅሏል። እኔ መፍቻዬን ይዤ ጣሪያው ሥር ስንጠለጠል የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ሴትዮ ከታች ሆና ታየኛለች።

«ይሄን ታውቀዋለህ?» አለችኝ ወደ ሣሩ እያሳየች።

«አላውቀውም» አልኳት።

«እንዴት አታውቀውም? ጤፍ እኮ ነው!»

እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። እንጀራ ሳልበላ ያለፈ ሳምንት አላስታውስም። ጤፍ ሲበቅል ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሲጓጓዝ እኔ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበርኩ። ለኔ ጤፍ ማለት ከሱቅ በከረጢት የሚመጣ ዱቄት ነው። አንዲት እስራኤል የተወለደች ነጭ ሴት ስለ ጤፍ ስታስተምረኝ አፈርኩ ልበላችሁ? አዎ፣ አፈርኩ። ኮምፕረሰሩን ጨርሼ ከመሰላሉ ስወርድ ግን ሣሩን ቁጭ ብዬ አየሁት።

ሴትዮዋ ሥራዋን የምትወድ ሰው ናት፣ ቡና አፍልታ ታስረዳኝ ጀመር። የጤፍ ትልቁ ጠላት መጋሸቡ ነው አለች። አገዳው ረጅምና ቀጭን ነው፣ ዛላው ፍሬ ሲይዝ ይከብደዋል፣ ነፋስና ዝናብ ሲመታው መሬት ላይ ይተኛል። የተኛው ይበሰብሳል፣ ለማጨድም አይመችም። (ዛሬ በዜና የዋጋ ግሽበት ሲሉ የምንሰማው ቃል ከዚሁ ከጋሸበ እህል ጋር አንድ ነው፤ ከመጠን በላይ አድጎ መውደቅ!) ታዲያ መፍትሔው አገዳውን አሳጥሮ ማወፈር ነው። ስንዴም የዳነው በዚህ ነው። እነ ኖርማን ቦርላግ አጭር ስንዴ አዳቅለው ሜክሲኮን፣ ሕንድንና ፓኪስታንን ካጠገቡ በኋላ ቦርላግ በ1970 የሰላም ኖቤል ተሸለሙ።

ጤፍን ማዳቀል ግን ቀላል አልነበረም። ጤፍ አበባዋ ከዓይን የማትገባ ደቂቅ ናት፣ ራሷን በራሷ ነው የምታራባው፣ ለብዙ ዘመንም ሁለት ጤፍ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አንድ ነገር ደረሱበት። የጤፍ አበባ ትከፈታለች፣ ግን ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሀገራችን ሰዓት ከጠዋቱ 12:45 እስከ 1:30 ድረስ። በዚያች ሰዓት ደርሶ በማጉያ መነጽር እያዩ የአንዱን ዱቄት ለሌላው መስጠት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ነው የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ማዳቀል የጀመረው። በ2006 የወጣችው ቁንጮ የምትባለው ዝርያ የዚያ ሥራ ልጅ ናት፤ ከማኛ ንጣቷን ከዱከም ምርታማነቷን ወስዳ የተወለደች። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት ገበሬ ቁንጮ እንደሚዘራ ዘመዶቻችንን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

አሁን ደግሞ ጂን ማረም የሚባለው መጣ። በ2020 ሁለት ሴቶች፣ ፈረንሳዊቷ ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ እና አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ዳውድና፣ ክሪስፐር በሚባለው መቀስ የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙበት ማለት ነው። እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። ቄሶቻችን የሚያነቡት ኦሪት በብራና ላይ በእጅ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው አንዲት ፊደል ሲሳሳት ብራናውን አይቀድም፤ በቢላዋ ያቺን ፊደል ብቻ ፍቆ ያነሳል። ክሪስፐርም የተክሉን መጽሐፍ ሁሉ ሳይነካ የፈለጋትን ፊደል ፈልጎ የሚፍቅ ቢላዋ ነው። ጤፍ ላይ ያለው ጣጣ መጽሐፏ በብዙ ቅጂ መሆኑ ነው። ስለዚህ ቁመት የምታዝዘውን ፊደል ከአራቱም ቅጂ መፋቅ ግድ ነው፤ አንዱ ቢቀር ጤፏ ትረዝማለች። በ2022 ይህንን የሠሩት በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ዳንፎርዝ በሚባለው የዕፅዋት ሳይንስ ማዕከል ያሉት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ጌቱ በየነና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ኮርቴቫ የተባለው የአሜሪካ ዘር ኩባንያም አብረው ይሠራሉ። በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲም ዶክተር ዘሪሁን ታደለ ጂን ሳያርሙ በሌላ መንገድ አጠር ያለች ጤፍ ሲፈልጉ ኖረው፣ በ2017 ኢትዮጵያ ውስጥ ተስፋ የምትባል ዝርያ እንድትወጣ አድርገዋል። የኛ ከተማ ፔታህ ቲክቫ ማለትም የተስፋ በር ማለት ነውና ስሟን ስሰማ ደስ አለኝ።

እዚህ እስራኤል ውስጥስ? በረሆቮት ያለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ከእስራኤል የዘር ባንክ በመቶ የሚቆጠሩ የጤፍ ዓይነቶች አውጥቶ፣ በመስኖና በማሽን የሚታረስ ጤፍ ለማግኘት ለዓመታት ሲያጠና ቆይቷል። ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች በየሀገሩ ጤፍ መግዛት ጀምረዋል፣ ስለዚህ ገበያ አለ። ገበያ ካለ ደግሞ ኩባንያ አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ልቤን የነካው። የዓለም የዘር ገበያ ከግማሽ በላይ በአራት ኩባንያዎች እጅ ነው። ባየር በ2018 ሞንሳንቶን በ63 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፤ የቻይናው ኬምቻይና ከዚያ በፊት በ2017 ሲንጀንታን በ43 ቢሊዮን ጠቀለለ። የዚህ አገር አንጋፋ የነበረው ዘራይም ገዴራ እንኳ ከ2007 ጀምሮ የሲንጀንታ ነው። መቀሱም ቢሆን ባለቤት አለው፤ ክሪስፐርን ለእህል ሥራ ለገበያ የሚጠቀም ሰው ፈቃድ መግዛት አለበት፣ ፈቃዱን ከሚሰጡት ዋናዎቹ ኮርቴቫና በአሜሪካ የሚገኘው ብሮድ ኢንስቲትዩት ናቸው፤ በ2017 ተስማምተው በጋራ ይሰጣሉ። ይሁን፣ የሠራ ዋጋውን ያግኝ፣ አልቃወምም። ግን ቢላዋው ባለቤት ካለው፣ የሚፋቀው ብራና ባለቤት የለውም ማለት ነው? ያንን ብራና ማን ጻፈው?

የሆላንዱን ነገር ያልሰማችሁ ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2003 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት ጠየቀ። በ2005 ከኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ተቋምና ከግብርና ምርምሩ ጋር ተፈራርሞ አሥራ ሁለት የጤፍ ዓይነቶች እንዲጠቀም ተፈቀደለት፤ ትርፉን ሊያካፍል ቃል ገባ። በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ባለቤትነቱን ሰጠው። ዱቄቱን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከዱቄቱ የሚሠራውንም ምግብ ነው! በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ከሌላ ኩባንያ እጅ ገብቶ ኖረ። ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው ወደ 4,000 ዩሮ ብቻ ነው። በመጨረሻ በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት፣ ሌላ የኔዘርላንድ ኩባንያ ተከስሶ በተከራከረበት መዝገብ፣ ነገሩ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ፓተንቱን እዚያው ኔዘርላንድ ውስጥ ሻረው። ልብ በሉ፣ የተሻረው ጤፍ የኢትዮጵያ ገበሬ ናት ተብሎ አይደለም። ዱቄቱን እንደዚያ ማዘጋጀት ማንም ባለሙያ የሚያስበው ነው ተብሎ ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ባለ እርሻ ሲያጭድ የእርሻውን ዳር ጠርጎ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዛል። ከአሥራ ሁለት ዓይነት ጤፍ 4,000 ዩሮ ቃርሚያ እንኳ አይባልም።

በዚያው ምዕራፍ ሁለት ዓይነት ዘር ቀላቅሎ መዝራት ክልክል ነው ይላል። አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ጂን መንካት ሁሉ ኃጢአት ነው የሚሉት ይህን ይዘው ነው። እኔ ረቢም ቄስም አይደለሁም፤ ግን ከራሷ ከጤፍ አንዲት ፊደል መፋቅ ከሌላ ፍጥረት አምጥቶ ከመጨመር ጋር እኩል አይመስለኝም። ከሌላ ፍጥረት ማምጣቱን በተመለከተ ኢትዮጵያ ብዙ ተከራክራበታለች። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካን ተደራዳሪዎች መርተው በ2000 የካርታሄና ስምምነት እንዲጸድቅ ታግለዋል። የ2009ኙ የኢትዮጵያ ሕግም ጥብቅ ነበር፤ በ2015 ላላ፣ በ2018 ጂኑ የተለወጠ ጥጥ ተፈቀደ። የኔ ጭንቀት ግን ከቢላዋው ይልቅ ከወረቀቱ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሴትዮዋ አባቴ ገበሬ እንደነበሩ ስነግራት «አምጣቸው፣ ይዩት» አለችኝ። አባቴ ከጎንደር ወጣ ብሎ ከአምቦበር አካባቢ ናቸው። የኛ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ርስት አይገባውም ተብሎ የኖረ ነው፤ ይሰድቡን የነበረበት ስምም ትርጉሙ መጻተኛ፣ አገር የለሽ ማለት ነበር። አባቴ ልጅ ሳሉ አያቴ የሰው መሬት ያርሱ ነበር፤ ምርቱን ከባለርስቱ ጋር እኩል ይካፈላሉ፣ ሲቀናቸው ደግሞ ሲሶውን ሰጥተው ሁለቱን እጅ ያስቀራሉ። በ1975 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ነው የራሳችን ማሳ ያገኘነው፤ እሱንም ብዙ ሳንቆይበት ወጣን። እዚህ አባቴ እስከ ጡረታ ፋብሪካ ሲጠርጉ ነው የኖሩት። ስለ እርሻ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

በአንድ ሐሙስ ወሰድኳቸው። የሰንበት ልብሳቸውን ለበሱ። ገና በሩ ሲከፈት ሳጥኖቹን አዩና ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ሳይጠየቁ ወደ አንዱ ጠጋ ብለው ዛላውን በሁለት ጣታቸው ፈተል ፈተል አደረጉት። «ይሄ እንደ ቡኒኝ ያለ ነው፣ ቶሎ የሚደርስ» አሉ። ሴትዮዋ የሳጥኑን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ አይታ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ቶሎ የሚደርስ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ዝናብ ሲዘገይ የሚዘራው የትኛው እንደሆነ፣ ማሳው አራት አምስቴ ታርሶ ከዘር በፊት ከብት እየተነዳ ለምን እንደሚረገጥ፣ አጨዳ ሳይጀመር ማሳው ውስጥ እየዞሩ ደህና ዛላ መርጠው ለዘር ለብቻ እንደሚያስቀምጡ ሁሉ አወሩ። እኔ እየተረጎምኩ ነው፤ ግማሹን ቃል በዕብራይስጥ አላውቀውም፣ በአማርኛም እዚያው ነው የሰማሁት። ስለ አበባዋ ሰዓት ስትነግራቸው ሳቁ። «ለካ በዚያ ሰዓት ነው! እኛ ያኔ አረም ላይ አጎንብሰን ነበር፤ አጠገባችን ስታብብ አላየናትም» አሉ።

በመጨረሻ አጭሯን አሳየቻቸው። ከጉልበት በታች ናት፣ አገዳዋ ወፍራም። ገፋ አደረጓት፣ አልወደቀችም። ወደዷት መሰለኝ። ቆየት ብለው ግን «ጭዱስ?» አሉ።

«ምን ጭድ?» አለች ሴትዮዋ።

«በሬውስ ምን ሊበላ ነው? ቤቱስ በምን ሊመረግ ነው? ጤፍ እኮ ፍሬው ለሰው ነው፣ ጭዱ ለከብትና ለግድግዳ ነው። ይቺን ያሳጠረ ሰው በሬ የለውም።»

ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ቆየችና ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። በኋላ ስጠይቃት ተመራማሪዎችም የሚጨነቁበት ጉዳይ ነው አለችኝ፤ ለትራክተር አገር አጭሩ ይሻላል፣ ለበሬ አገር ግን አገዳ ሲቀነስ መኖ አብሮ ይቀንሳል። አባቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚያ ደረሱ። ኢትዮጵያ ውስጥ 3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ጤፍ ይዘራል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንደሳቸው ያሉ ሰዎች እየመረጡ፣ እያስቀመጡ፣ ለልጅ እያወረሱ ነው ይህን ሁሉ ዓይነት ያኖሩት። ብራናውን የጻፉት እነሱ ናቸው።

ስንወጣ ሴትዮዋ አባቴ ያወሩትን በድምፅ ልትቀዳ ሌላ ቀን እንዲመጡ ለመነች፣ ለድካማቸውም የሆነ ገንዘብ እንደሚከፈላቸው ተናገረች። ከዚያ «የቢሮ ሥርዓት ነው» ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። መኪና ውስጥ አነበብኩት። በቃል የሚሰጡት መረጃ የኩባንያው ንብረት ይሆናል፣ ወደፊት ምንም ዓይነት የባለቤትነት ጥያቄ አላነሳም ይላል። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ወረቀት በየሥራው ስንት ጊዜ ሳላነብ ፈርሜያለሁ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

ነገርኳቸው። የፔታህ ቲክቫን መንገድ እያዩ ዝም አሉ። እዚህ ከተማ ድሮ ሁሉም የብርቱካን እርሻ ነበር፤ አሁን ፎቅና መኪና ማቆሚያ ነው።

«ልጄ፣ ባለርስቱ እንኳ ሲሶውን ይቀበል ነበር» አሉኝ። «የኛ ሲሶ እዚህ የት ላይ ነው የተጻፈው?»

ምን ልበላቸው? መረጃ እንጂ እህል አይደለም ልላቸው ነበር። ተውኩት።

በማግስቱ ደውዬ ለሴትዮዋ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ እሷም ወረቀቱን ሙሉውን አንብባው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ቢያንስ ከእሳቸው የተገኘው ነገር ሲጻፍ ስማቸው አብሮ እንዲጻፍ፣ ከዚያ የሚወጣ ዝርያ ቢኖርም ለገበሬዎቹ አገር የሚደርሰው ነገር እንዲታሰብ አለቆቿን እጠይቃለሁ አለች። ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች፣ መልሱ ገና ነው። እናቴ «ተዉት፣ የምን ጣጣ ነው፣ ገንዘቡን ተቀበሉ» ትላለች። እህቴ ደግሞ ጠበቃ እንያዝ ባይ ናት። እኔ በሁለቱ መሐል ነኝ፤ ኩባንያው ደንበኛዬ ነው፣ ኮምፕረሰሩም ያረጀ ነውና እንደገና መጥራታቸው አይቀርም።

ወረቀቱ ወላጆቼ ቤት ፍሪጅ ላይ በማግኔት ተለጥፏል። አባቴ «መልሱ ደህና ሆኖ ከመጣ አንተ እንዳትፈርምልኝ፣ እኔው ነኝ የምፈርመው» ብለዋል። እስከዛሬ ባንክም ክሊኒክም ጣታቸውን አስነክተው ወይ እኔ ጽፌላቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት የልጄን ደብተር ለምነው ወስደዋል፤ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስማቸውን በዕብራይስጥ ይለማመዳሉ። የመጀመሪያዋን ፊደል ትንሽ ያጋድሏታል፣ ልጄ ደግሞ በላጲስ ታርምላቸዋለች።

ሰንበት ሰላም።